ደጁ ድረስ እሄዳለሁ፤ መግባት ግን አቃተኝ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 39፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። እኔ በፈረቃ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ።

ትንሹ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። ደሴ ወስደነው የሚጥል በሽታ ነው ተባለና መድኃኒት ጀመረ። ቀንሶለት ነበር እንጂ ጨርሶ አልተወውም። ባለፈው መስከረም ግሸን ማርያም ወስጄው ተሳልኩ። ሁለት ወር ምንም ሳይነካው ቆይቶ ኅዳር ላይ እንደገና ጣለው። ከዚያ ጠበል ማስጠመቅ ጀመርኩ። ጠበል ቦታ ያገኘኋት አንዲት ሴት «መድኃኒትና ጠበል አንድ ላይ አይሄድም፤ እምነትሽ ጎዶሎ ነው» ስትለኝ መድኃኒቱን አቆምኩበት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ በነዚህ ሦስት ሳምንታት አራት ጊዜ ጥሎታል።

አማቴ «የእናት ኃጢአት ነው። መጽሐፉ እስከ ሦስትና አራት ትውልድ ይላል» ይሉኛል። እሳቸው የማያውቁት፣ በእርግጥም ኃጢአት አለብኝ። የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞተ። ከሌላ ሴት የወለደው ወንድሜ «እኔም ልጁ ነኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ሲመጣ እናቴ «አናውቀውም በይ» አለችኝ። አውቀው ነበር። አባቴ ይዞት መጥቶ አብረን በልተናል። «አላውቀውም» ብዬ ማልኩ። ወንድሜ ባዶ እጁን ሄደ፤ የአባቴ ቤት ተሸጦ እናቴና እኔ ተካፈልን። እናቴ አርፋለች። ወንድሜ ወልዲያ አካባቢ አለ ይባላል።

እሁድ እሁድ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ግን ከአጥሩ በር አላልፍም፤ ውጭ ቆሜ እመለሳለሁ። ቤቴ ለመጸለይ «አባታችን ሆይ» ስል አፌ ይያያዛል። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ልጄ በወደቀ ቁጥር ዱዓ ታደርግለታለች፤ እኔ እናቱ ግን አልችልም። ሰዉ «መከራን በጸጋ ተቀበይ» ይለኛል። እንዴት ነው የሚቀበሉት? ዝም ማለት ነው? መድኃኒት መተው ነው? እግዚአብሔር ፊትስ ምን ይዤ ልቅረብ?

እናት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ የልጅሽ ሕመም፣ የማልሽው መሐላና የአማትሽ ቃል አንድ ላይ ተቋጥረዋል። ያስተሳሰራቸው ፍርሃት ነው፤ አንድ በአንድ መፈታት አለባቸው። ከዚያ በፊት ግን ሊያድር የማይገባው ነገር አለ፤ የልጁ መድኃኒት።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ አንዳንዴም መንቀጥቀጡ አላቆም ብሎ ሕይወት የሚያሰጋ ይሆናል። ስለዚህ በሦስት ሳምንት አራት ጊዜ የወደቀው እምነትሽ ስለጎደለ ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ መድኃኒቱ በመቋረጡ የሚጠበቅ ነገር ነው። ነገ ፈረቃ ቀይረሽ ወይም አስፈቅደሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ደሴ ድረስ መውጣት ካልተቻለ እዚያው ኮምቦልቻ በሚቀርብሽ ጤና ተቋም ጀምሪ። የተረፈውን ክኒን ከነማሸጊያው ያዢ። በራስሽ በድሮው መጠን አትጀምሪለት፤ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ከተቋረጡ በኋላ በትንሹ ተጀምረው ቀስ እያሉ ነው ከፍ የሚደረጉት። ሐኪሙ ፊት «ሦስት ሳምንት አቁሜበት ነበር» ማለት እንደሚያሳፍርሽ እገምታለሁ። ዝም ካልሽ ግን መድኃኒቱ ያልሠራ መስሎት ይጨምርበታል ወይም ይቀይረዋል፤ ልጁም በማያስፈልገው መጠን ይደክማል። ብዙ እናቶች በዚህ ያልፋሉ፤ ለሐኪሙ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

በሚስማማቸው መድኃኒት በትክክል ከታከሙ ከ10 ሕሙማን እስከ 7 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ሐኪሞች መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ስለማቆም የሚያስቡትም ቢያንስ 2 ዓመት አንድም ጊዜ ሳይወድቅ ካለፈ በኋላ ነው። ከግሸን መልስ ያገኛችሁት ሁለት ወር ዕረፍት ነበር፤ አመስግኚበት። ኅዳር ላይ መመለሱ ግን ስለትሽ ተጣለ ማለት አይደለም። ይህ በሽታ ይርቅና ይመለሳል፤ ጠባዩ ነው።

ሲጥለው በጎኑ አስተኝው፣ አንገቱ ላይ ያለውን ልብስ አላሊለት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ እሳትና ስለታም ነገር ከአጠገቡ አርቂ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ። ጨምድዶ መያዝም ሆነ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አያስቆመውም፤ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሰዓት ተመልከቺ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ካንቀጠቀጠው መኪና ፈልገሽ ወደ ሆስፒታል ሩጪ። ለአስተማሪው፣ ለታላቅየው ልጅሽና ለዚያች ለደግ ጎረቤትሽም ይህንኑ አሳያቸው። አንቺ ፈረቃ ላይ ስትሆኚ የሚደርሱለት እነሱ ናቸው።

ጠበሉስ? አትተዪው። መድኃኒትና ጠበል አይሄድም የሚለው የዚያች ሴት ቃል እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ጋር የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብረው፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። በኤች አይ ቪ ዘመን ጠበልተኞች ክኒናቸውን ሲጥሉ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አብረው መወሰድ እንደሚችሉ አስተምረዋል። ክኒኑን በሰዓቱ ይዋጥ፤ ጠበሉንም ይጠጣ፣ ይጠመቅ። ሲጠመቅ ግን ለአፍታም ብቻውን አይሁን፤ ውኃ ውስጥ ቢጥለው ጥልቀት የሌለው እንኳ ያሰጋል፤ ከላይ ማፍሰስ ይሻላል። እንቅልፍ ማጣት ይህን በሽታ ከሚቀሰቅሱት ዋናዎቹ አንዱ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት አታስቁሚው። ጾም ላይ የመድኃኒቱ ሰዓት ከተጋጨ ለካህኑ ንገሪ፤ ለሕመምተኛ ያቀልላሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

አማትሽ የጠቀሱት በእርግጥ ተጽፏል፤ ኦሪት ዘጸአት 20 ላይ። ግን ቃሉ እዚያው «ለሚጠሉኝ» ይላል፤ ቀጥሎም ለሚወዱት እስከ ሺህ ትውልድ ምሕረት እንደሚያደርግ ይናገራል። ሦስትና አራትን የሚጠቅስ ሰው ሺሁን ለምን ይዘለዋል? ኋላ ደግሞ የእስራኤል ሰዎች ልክ እንደ አማትሽ ማሰብ ጀምረው «አባቶች ጎምዛዛ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ» የሚል ተረት አወጡ። እግዚአብሔር በነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ያንን ተረት እንዳይተርቱት ከለከላቸው፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም አለ። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉት?» ብለው ደቀ መዛሙርቱ ሲጠይቁት «እርሱም ወላጆቹም አይደሉም» ብሎ መለሰ። ጥያቄው ያንቺ ቤት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ተሰጥቶበታል።

ምናልባት አንድ ቀን የዳዊትንም ታሪክ ያመጡብሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀድሜ ላንሳው፤ ከባድ ነውና አልሸሽገውም። ዳዊት በደለ፤ ሕፃኑም ታሞ ሞተ። ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። የልጁ ሞት ከበደሉ ጋር መያያዙን ያወቀው ከነቢይ አፍ ነው፤ ናታን ተልኮ ነገረው። ላንቺ ናታን አልመጣልሽም። የመጣብሽ ግምት ነው፤ ደግሞም አማትሽ ስለ ምን እንደሚያወሩ እንኳ አያውቁም። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። ዳዊት በደሉን አምኖ፣ ፍርዱን ከነቢዩ አፍ ሰምቶ ሳለ ወጥቶ ውጭ አልቆመም። ገብቶ መሬት ላይ ተኝቶ 7 ቀን ጾሞ ለመነ። ያውም ጥፋቱ ያንቺን እጅግ የሚያስንቅ፣ ሰው ያስገደለ ንጉሥ ነው! ደፋር ነበር እንዳንል ልቡ ተሰብሯል። «ማረኝ» ለማለት ንጹሕ እስኪሆን መጠበቅ እንደሌለበት ግን ያውቅ ነበር። ተሣሃለኒ የሚለው 50ኛው መዝሙር ከዚያ በደል በኋላ የተጸለየ ነው፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ትጸልየዋለች።

ደጁ ላይ ያቆመሽ ሐሳብ እንዲህ የሚል ይመስለኛል፤ «መጀመሪያ ልጽዳ፤ ከዚያ እቀርባለሁ»። ልጅሽ ከወደቀበት ሲነቃ ልብሱን አርጥቦ፣ አፉ አረፋ ሆኖ፣ የት እንዳለ ሳያውቅ መጀመሪያ የሚፈልገው ማንን ነው? «ታጥቤ ልምጣ» ይልሻል? አንቺስ ታጥቦ እስኪመጣ ትጠብቂዋለሽ?

ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ ወደ ጸጋው ዙፋን እንቅረብ ሲል ለምን እንደሆነም ያስረዳል፤ ምሕረትን እንድንቀበል፣ በሚያስፈልገን ጊዜም የሚረዳንን ጸጋ እንድናገኝ። ምሕረት የሚቀበለው ማነው? ያልበደለ ሰው ምሕረት ምን ያደርግለታል? ጥሪው ለአንቺ ዓይነቷ ነው። የሚያቀርበንም የኛ ንጽሕና እንዳልሆነ ከዚያው ከፍ ብሎ ይናገራል፤ በድካማችን የሚራራልን፣ እንደ እኛ የተፈተነ ሊቀ ካህናት ስላለን ነው። በልጅነትሽ በኪዳነ ምሕረት በዓል የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሳትሰሚ አልቀረሽም። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው ይዞት የቀረበው በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነበር። «ምን ይዤ ልቅረብ» ላልሽው፣ ከዚያ የበለጠ ተይዞ የተቀረበበት ጊዜ ብዙም የለም።

ደግሞ ያንቺኑ ልጅ የሚመስል ልጅ ወንጌል ውስጥ አለ፤ ማርቆስ 9 ላይ። ይጥለዋል፣ አረፋ ያስደፍቀዋል፣ እሳትና ውኃ ውስጥ ይጥለዋል። አባትየው ደቀ መዛሙርቱ አልሆነላቸው ብሎ ተስፋው ተሟጧል፤ ጌታችንንም «ቢቻልህ» ነው ያለው፤ እርግጠኛ እንኳ አልነበረም። ቀጥሎ የጮኸው ጸሎት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» የሚል ነው። ግማሽ እምነት፣ ግማሽ ጭንቅ። ጌታም «መጀመሪያ እምነትህን ሞልተህ ና» ብሎ አልመለሰውም። አንቺም አፍሽ «አባታችን ሆይ» ላይ ከተያያዘ ለጊዜው ይቺን ብቻ በያት፤ አንድ ትንፋሽ የማትሞላ ጸሎት ናት።

ዝምታው ሲብስብሽ ዳዊትን ክፈቺ። 12ኛው መዝሙር «እስከ መቼ ትረሳኛለህ» እያለ ይጀምራል። 87ኛው ከዚያም የከፋ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ወደ ምስጋና ሳይዞር በጨለማ ያልቃል። መጽሐፍ ቅዱስሽ ላይ ቁጥሩ በአንድ ከፍ ብሎ 13 እና 88 ሊሆን ይችላል። እነዚህን ጸሎቶች ቤተ ክርስቲያን እንደ አመፅ አልቆጠረቻቸውም፤ ጸልዩባቸው ብላ ሰጠችን። ሐናም ልጅ አጥታ በመቅደስ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ከንፈሯን ሲያይ የሰከረች መስሎት ነበር። ጸሎት ማማር የለበትም።

መከራን መቀበል እንዴት ነው ላልሽው፣ «በጸጋ ተቀበይ» የሚሉሽ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «አታልቅሺብን» ማለታቸው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን እንባሽ ስለሚከብዳቸው። ክርስቲያን መከራን ተቀበለ ሲባል ግን እንዲነሳለት መለመኑን ተወ ማለት አይደለም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ያውም በላብና በጭንቅ። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ መውጊያው አልተነሳም። ከዚያ በኋላ ጳውሎስን ማን «እምነቱ ጎደለ» አለው? ያው ጳውሎስ ጓደኛውን ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት እንደሄደ ጽፏል፤ ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎ መክሮታል። ሐዋርያት እጃቸውን ጭነው ሕሙማን በሚፈወሱበት ዘመን እንኳ ሁሉም አልተፈወሰም፤ ያልተፈወሰውንም ማንም አልከሰሰውም።

እንግዲህ ምኑ ነው የሚቀበሉት? ልጅሽ ዛሬ ይህ ሕመም እንዳለበት መቀበል፤ ለሕመሙ የሚገባውን ሁሉ ማድረግ፤ ቀሪውን ደግሞ ጠዋትና ማታ እየለመኑ ለእግዚአብሔር መስጠት። የማይቀበሉትም አለ። ሕመሙን እንደ ፍርድ ወረቀት ማንበብን አትቀበዪ። ደብዳቤሽን ሳነብ የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ልጁ ደህና ሲሰነብት «ታርቆኛል»፣ ሲወድቅ «ተቆጥቶኛል» እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። እንዲህ እየቆጠረ ተረጋግቶ የጸለየ ሰው የለም፤ ፍቅሩ በየሳምንቱ የሚፈተን ይሆናልና። መቁጠሩ ካልቀረ ለሐኪሙ ቁጠሪ። አንድ ደብተር ግዢና የጣለውን ቀንና ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ያን ቀን ክኒኑን ውጦ እንደነበር፣ ሌሊቱን ተኝቶ እንደነበር፣ ትኩሳት እንደነበረው ጻፊበት። ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በዚህ ነው። እግዚአብሔር ስለ አንቺ ምን እንደሚያስብ ግን ከዚያ ደብተር አይነበብም። ግሸን ድረስ ሄደሻል፤ ያ አምባ የሚከበረው ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ነው ተብሎ ነው። እግዚአብሔር ስለ አንቺ የሚያስበውን ለማወቅ ወደ መስቀሉ ተመልከቺ።

መሐላሽን ደግሞ አላቃልልብሽም። ብታቃልዪው ኖሮ ሃያ ዓመት አያስጨንቅሽም ነበር። የሐሰት ምስክርነት ነው፤ የተጎዳም ሰው አለ። መፍትሔው ግን አጥር ተደግፎ ማልቀስ አይደለም፤ ንስሐ ነው። የቤታችሁ ንስሐ አባት የአማትሽም ንስሐ አባት ከሆኑና ነፃነት ከነሳሽ፣ ሌላ ካህን መያዝ ትችያለሽ፤ የነገርሻቸውን እንዳያወጡ የታሰሩ ቢሆንም የአንቺ ልብ ካልተፈታ አንደበትሽም አይፈታም። ስትነግሪ አጭር አድርጊው፤ «በሐሰት ምዬ ወንድሜን ከአባቱ ውርስ አስወጣሁ፤ ድርሻውንም በላሁ።» «እናቴ አስገድዳኝ» በሚለው አትጀምሪ፤ ካህኑ ከጠየቁሽ ያኔ ትናገሪያለሽ። የልጁንም ሕመም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አታስገቢው። ቀኖና ሲሰጥሽ፣ ስግደትም ይሁን ጾም፣ እንደ ዕዳ ክፍያ አትቁጠሪው፤ ነፍስሽ የምትታከምበት ነው። ሥራሽ በፈረቃ መሆኑንና ሌሊት የሚታይ ሕመምተኛ እንዳለሽ ንገሪያቸው፤ የማትችዪውን ተቀብለሽ ብታቋርጪው እንደገና ራስሽን መክሰስ ትጀምሪያለሽና።

ከዚያ ወንድምሽ አለ። ዘኬዎስ የበደላቸውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ እንጂ እንዲገባለት ብሎ አልነበረም። ላንቺም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ለወንድምሽ የሚገባውን የምትመልሺው ልጅሽ እንዲድን አይሁን። እንደዚያ ካደረግሽው ልጁ በሚቀጥለው ወር ቢወድቅ «ገንዘቤም ንስሐዬም ባከነ» ትያለሽ፤ ወንድምሽም የስለት ዕቃ ይሆናል። የሚመለስለት የእሱ ስለሆነ ነው። ከቤቱ ሽያጭ ለአንቺ የደረሰሽ ስንት እንደነበር አስታውሰሽ ጻፊ። ለባለቤትሽ ንገሪ፤ በስልክ አይሁን፣ ከጅቡቲ መልስ አንድ ሌሊት በደንብ ተኝቶ ካደረ በኋላ ይሁን። በአንድ ጊዜ የማይከፈል ከሆነ በየወሩ የምትችሉትን ተስማሙ። የፍርድ ቤት ጉዳይ ስለነበረበት ወረቀት ላይ ከመፈራረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ወደ እሱ ስትሄጂ በቀጥታ በሩን አታንኳኪ፤ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ዘመድ ወይም ሽማግሌ ቀድሞ ይላክ። እሱ ሊቆጣ፣ ላያይሽም ይችላል፤ መብቱ ነው። ይቅርታ የእሱ ስጦታ ነው፤ አንቺ መጠየቅና መመለስ ብቻ ነው የምትችዪው።

የአማትሽን ነገር እናሳጥረው። የሚናገሩት ከክፋት ላይሆን ይችላል፤ የልጅ ልጃቸው ሲንፈራገጥ ያያሉ፤ ምክንያት ካልተገኘለት ፍርሃቱ ይበዛባቸዋል። ያም ሆኖ ስድቡን እንደ መስቀል ተሸክመሽ የመኖር ግዴታ የለብሽም። ለኃጢአትሽም ማብራሪያ አትስጫቸው፤ ለእሳቸው የሚነገር አይደለም። «እትዬ፣ ሐኪሙ የአንጎል ሕመም ነው ብሏል። ልጁ ይሰማል፤ ፊቱ እንዲህ አይበሉ። ይልቅ ጸልዩልኝ» በያቸው። በተለይ «ልጁ ይሰማል» የሚለውን አትርሺ። የ9 ዓመት ልጅ «የእናቴ ኃጢአት ነኝ» ብሎ ማሰብ ከጀመረ ያን የሚያነሳለት ክኒን የለም። ካልሆነ ባለቤትሽ ይናገር፤ እናቱ ናቸውና ከእሱ ይሰማሉ።

አንቺ ግን ልጁን ስለዚህ አዋርተሽው ታውቂያለሽ? ሲነቃ ምን እንደሚያስብ፣ ትምህርት ቤት ልጆቹ ምን እንደሚሉት? ጸሎቱንስ አብራችሁ ሞክራችኋል? ብቻሽን አፍሽ ከተያያዘ እሱ ይጀምርልሽ፤ ልጆች ሳይፈሩ ይጸልያሉ። የጎረቤትሽንም ዱዓ በደስታ ተቀበዪው። ለልጅሽ የሚለምን አንድ ሰው መጨመሩ ነው፤ በወሎ ደግሞ እንዲህ ያለ ጉርብትና ብርቅ አይደለም።

የእሁዱ ነገር ይቀረናል። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ቅዳሴ መስማት ለምደሻልና በአንድ ጊዜ መቅደሱ ድረስ ግቢ አልልሽም። መጀመሪያ በሥራ ቀን ጠዋት፣ ፈረቃሽ ከሰዓት በሆነበት ሳምንት፣ ኪዳን የሚባለው የጠዋት ጸሎት በሚደርስበት ሰዓት ሂጂ። ሰው አይበዛም፤ ጸሎቱም ከቅዳሴ ያጥራል። በሩን አልፈሽ ግቢው ውስጥ ጥግ ያዢ። ካህኑ መስቀል ሲያሳልሙ ተራሽን ጠብቀሽ ተሳለሚና «አባ፣ ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ፤ መቼ ልምጣ?» በያቸው። ለዚያ ቀን ይኸው ይበቃል። ቁርባኑ ከንስሐው በኋላ በእሳቸው ፈቃድ ይሆናል።

እንግዲህ ነገ ሐኪም፤ በዚህ ሳምንት ካህኑ፤ ባለቤትሽ ሲመለስ የወንድምሽ ጉዳይ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክሪው። ወልዲያ ሰው ለመላክ ስትወስኑ ወንድምሽን በቅርብ የሚያውቅ ዘመድ ከአባትሽ ወገን ካለ እሱን አስቀድሙ፤ ከእናትሽ ወገን የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ባይላክ ይመረጣል።